ሦስት ማዕዘኑ ምን ይነግረናል?
የመንገድ ማስጠንቀቂያ ምልክቶች ለአዲስ አሽከርካሪዎች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከተሰማ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የመንገድ ደህንነት ትምህርታችን ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። መሪ የያዛችሁ አድማጮች ጆሯችሁን ለእኛ፣ ዓይናችሁን ለመንገዱ ስጡ።

የዛሬው ዝግጅት በተለይ መንጃ ፈቃዳቸውን በቅርቡ ለተቀበሉና ገና በሥልጠና ላይ ላሉ ነው። የምንነጋገረው ስለ ማስጠንቀቂያ ምልክቶች ነው።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ለቲዎሪ ፈተና ስትዘጋጁ የምልክቶቹን ስም አጥንታችኋል አይደል? “ይህ ምንድን ነው?” ስትባሉ “አደገኛ ቁልቁለት” ብላችሁ ትመልሳላችሁ፤ ነጥብ ታገኛላችሁ። መንገድ ላይ ግን ስሙን የሚጠይቃችሁ የለም። እዚያ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ “ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው?” የሚል ነው። ዛሬ የምንማረው ይህንን ጥያቄ መመለስ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ምልክቱን ከሌሎቹ እንለየው። ማስጠንቀቂያ ምልክት ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ሰፊው ጎን ወደ ታች። ዙሪያው ቀይ፣ መደቡ ነጭ፣ በውስጡ ያለው ሥዕል ጥቁር።

ሌሎቹስ? ክብ ሆኖ ዙሪያው ቀይ ከሆነ በአብዛኛው ይከለክላል ወይም ይገድባል። ክብ ሆኖ መደቡ ሰማያዊ ከሆነ ያስገድዳል። አራት ማዕዘኑ መረጃ ይሰጣል። ሦስት ማዕዘኑ ያስጠነቅቃል።

አሁን አንድ ወጥመድ ላስቀምጥላችሁ። ሦስት ማዕዘኑ ተገልብጦ ጫፉ ወደ ታች ቢሆንስ? ማስጠንቀቂያ ነው የምትሉ እንዳላችሁ እገምታለሁ። አይደለም። “ቅድሚያ ስጥ” የሚል ትእዛዝ ነው። ጫፉ ወደ ላይ፣ ማስጠንቀቂያ። ጫፉ ወደ ታች፣ ቅድሚያ ስጥ።

ቅርጹ ላይ ይህን ያህል የምንቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት ጭቃ ይረጨዋል፤ በበጋ አቧራ ይሸፍነዋል፤ ቀለሙም በፀሐይ ይለቃል። ሥዕሉ ቢጠፋም ቅርጹ ይቀራል። ሥዕሉ የማይታይ ሦስት ማዕዘን ብታገኙ “ምን እንደሆነ ባላውቅም ከፊቴ አንድ ነገር አለ” ብላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ታነሳላችሁ። ይህ ብቻውን ብዙ ነው።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። “ቁም” የሚለው ምልክት አቁሙ ይላችኋል። “30” የሚል ክብ ምልክት ከሠላሳ በላይ አትንዱ ይላችኋል። ሦስት ማዕዘኑስ ምን ያዛችኋል?

ምንም አያዝም! በስንት ፍጥነት ሂዱ አይልም፤ ቁሙም አይልም። ገጠር ስንሄድ ከወዲያ የሚመጣ መንገደኛ ስናገኝ “መንገዱ እንዴት ነው?” ብለን እንጠይቅ የለም? “ወንዙ ሞልቷል” ይለናል፤ ይሄዳል። ማለፉን፣ መመለሱን፣ መጠበቁን የምንወስነው እኛ ነን። ምልክቱም ያለውን ነግሮ ውሳኔውን ለእናንተ ይተወዋል።

ስለዚህ ሦስት ማዕዘን ባያችሁ ቁጥር ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን ለራሳችሁ አንሡ። አንደኛ፣ ምን አለ? ሁለተኛ፣ የት ነው ያለው? ሦስተኛ፣ ምን ላድርግ? እደግመዋለሁ፤ ምን አለ? የት ነው? ምን ላድርግ?

ለሦስት ጥያቄ ጊዜ ይኖረኛል ወይ ትሉ ይሆናል። ምልክቱ አስቀድሞ የሚተከለው ጊዜ ሊሰጣችሁ ነው። ጊዜውን የሚበላው ፍጥነታችሁ ነው። ምልክቱ ከኩርባው 150 ሜትር ቀድሞ ተተክሏል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ከሆነ ኩርባው ላይ ለመድረስ 9 ሰከንድ ያህል አላችሁ። በ100 ከሆነ ግን ከ5 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ምልክቱ ያው ነው፤ ርቀቱም ያው ነው፤ የቀረላችሁ ጊዜ ግን ከሲሶ በላይ አጥሯል።

ፍሬኑ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው በፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል።

(የሞተር ድምፅ፤ ቁልቁለት የሚወርድ ከባድ መኪና)

አቅራቢ፦ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን እስቲ መንገድ እንውጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም እየሄድን ነው። ጎሃ ጽዮን ደረስን፤ ከፊታችን የዓባይ በረሃ አለ። ከዚህ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ወንዙን ተሻግረን ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል እንወጣለን።

የቁልቁለት ምልክት ታየን። ሥዕሉ ላይ 10 በመቶ ተጽፏል እንበል። ምን ማለት ነው? ወደ ፊት በተሄደ በየ100 ሜትሩ መንገዱ 10 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። 10 ሜትር የአንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ቁመት ያህል ነው። በየመቶ ሜትሩ ከዚያ ቤት ጣሪያ ወደ መሬት እየወረዳችሁ ነው።

ምን አለ? ረጅም ቁልቁለት። የት ነው? ከምልክቱ ቀጥሎ። ምን ላድርግ? ቁልቁለቱ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ እቀይራለሁ። አውቶማቲክ መኪና የያዛችሁም ‘ኤል’ ወይም ‘2’ የሚለውን ተጠቀሙ። የነባር ሹፌሮች ደንብ ቀላል ነው፤ ዳገቱን ልትወጡበት በምትችሉት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ።

ለምን? በከባድ ማርሽ ስትወርዱ መኪናውን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ሥራውን ሁሉ ለፍሬን ብቻ ከተዋችሁት ግን ፍሬኑ ይግላል፤ በጣም የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። የሚያቃጥል ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ እየላላ ከመጣ አመቺ ስፍራ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ እስኪቀዘቅዝ ታገሡ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ መልቀቅ፣ ይባስ ብሎም ሞተር ማጥፋት የሚቀናው ሰው አይጠፋም። ይህን በጭራሽ አታድርጉ! ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬንና ለመሪ የሚሰጠው እገዛ ይቋረጣል፤ ፍሬኑ ይደነድናል፤ መሪውም ይከብዳል። የምትቆጥቡት ነዳጅ ለዚህ አይበቃም።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲመጣ የኩርባ ምልክቶች ይከተላሉ። እዚህ ላይ አዲስ አሽከርካሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ድርብ ኩርባ የሚያሳየው ምልክት የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ከታች የመጀመሪያው እጥፋት ወደ ግራ ከሆነ መንገዱም መጀመሪያ የሚታጠፈው ወደ ግራ ነው። ከታች ወደ ላይ፤ አትርሱት።

ፍሬን የሚያዘው መቼ ነው? ከኩርባው በፊት። ኩርባው ውስጥ ገብቶ ድንገት ፍሬን መርገጥ መኪናውን ያንሸራትታል። ከፊት የሚመጣው በማይታይበት ኩርባ ላይ መቅደምም አይታሰብም።

በዚሁ በዓባይ በረሃ ሌላም ታያላችሁ፤ ከገደል ላይ ድንጋይ ሲወርድ የሚያሳይ ሥዕል። ብዙ ሰው ሲያየው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ወደ ላይ ብቻ አትዩ! ምልክቱ ድንጋይ ሊወድቅ ይችላል ይላል፤ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል ይላል። ስለዚህ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከኩርባው ወዲያ ድንጋይ ሊጠብቃችሁ እንደሚችል አስቡ። በተለይ በክረምት እዚያ ቆማችሁ አትረፉ፤ ፎቶም አትነሡ።

ወደ ደሴ የምትሄዱ ደግሞ ደብረ ሲና ከመድረሳችሁ በፊት ጣርማ በርን ታገኛላችሁ። እዚያ ጉም ይበዛል። በጉም ውስጥ ምልክቱን የምታዩት አጠገቡ ስትደርሱ ነው፤ ያ ቅድም ያልነው ጊዜ ያጥራል። ረጅም መብራት አብርታችሁ ልታካክሱት አትሞክሩ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ላይ ተመልሶ ራሳችሁን ያደናግራችኋል። አጭር መብራት አብሩ፤ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከፊት ካለው መኪና ራቁ።

(የከብቶች ድምፅ፣ የእረኛ ፉጨት)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? አሁን ወደ ምሥራቅ ዞረናል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወርደን፣ አዳማን አልፈን ወደ መተሐራና አዋሽ እየሄድን ነው።

እዚህ መጀመሪያ ልታስተውሉት የሚገባ ምልክት አለ፤ ሁለት ቀስቶች፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የሚያመለክት። ምን ይላል? “ከዚህ በኋላ ከፊት ለፊትህ ተሽከርካሪ ይመጣል” ይላል። በተከፈለ መንገድ ላይ ስትነዱ ቆይታችሁ ዓይናችሁም እግራችሁም ያንን ለምዷል። በግራችሁ ያለው መስመር ለመቅደሚያ ብቻ ይመስላችኋል። ከምልክቱ ወዲያ ግን በዚያው መስመር ወደ ጅቡቲ ወይም ከጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ ሊመጣባችሁ ይችላል። ምን ላድርግ? ቀኜን እይዛለሁ፤ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤ ለመቅደም ከመውጣቴ በፊት ሩቅ አያለሁ።

ቀጥሎ የእንስሳት ምልክቶች። ሁለት ናቸው። ላም የተሣለበት የቤት እንስሳትን ያመለክታል። ቀንዳም ሆኖ የሚዘል እንስሳ የተሣለበት የዱር እንስሳትን ያመለክታል። በመተሐራና በአዋሽ መካከል ሁለቱም እውነት ናቸው። መንገዱ ሳላ የሚገኝበትን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ያልፋል፤ አርብቶ አደሮችም ግመልና ከብቶቻቸውን ይዘው ይሻገራሉ።

በሁለቱ መካከል ለሹፌር ልዩነቱ ምንድን ነው? የቤት እንስሳ ብዙ ጊዜ እረኛ አለው፤ የዱር እንስሳ የለውም፤ ድንገት ይወጣል። የቤት እንስሳ ግን በመንጋ ነው። አንዲት ፍየል ከተሻገረች ሌሎቹ መከተላቸው አይቀርም፤ እረኛውም ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። አንዷ አለፈች ብላችሁ ነዳጅ አትስጡ።

ክላክስስ? መንጋ መሀል ገብቶ ክላክስ ማስጮህ ከብቱን አስደንብሮ መኪናችሁ ፊት ያመጣዋል። አህያ ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ አስፋልት መሀል ከቆመች ክላክስ ምኗም አይደለም። ቀስ ብሎ ማለፍ ወይም ቆሞ መጠበቅ ይሻላል።

በማታ የግመል ነገር ብቻውን መታሰብ አለበት። ግመል ረጅም ነው። አጭር መብራታችሁ የሚደርሰው ቀጫጭን እግሮቹ ላይ ነው፤ ገላው ከብርሃኑ በላይ ጨለማ ውስጥ ነው። ከተገጨም ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው። እንስሳ በሚበዛበት መንገድ በማታ የሚነዳ ሰው መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ውስጥ ሊቆም በሚችልበት ፍጥነት ይንዳ።

(የትምህርት ቤት ደወል፣ የልጆች ድምፅ)

አቅራቢ፦ ከተማ ገባን። ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ ሁለት ልጆች። ምን አለ? ትምህርት ቤት ወይም ልጆች የሚበዙበት ስፍራ።

ይህን ምልክት ሰዓት ያናግረዋል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ሌላ ነው፤ በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ሌላ ነው። ልጆች የመኪናን ፍጥነትና ርቀት እንደ አዋቂ መገመት አይችሉም። እናንተን አይተዋችኋል ማለት ገምተዋችኋል ማለት አይደለም።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ሚኒባስ ቆሞ ሰው እያወረደ ከሆነ ደግሞ በሚኒባሱ ፊት ለፊት አንድ ልጅ ብቅ እንደሚል አስቀድማችሁ ቁጠሩት። እግራችሁ ፍሬን ላይ ዝግጁ ይሁን።

የእግረኛ ምልክትም ሁለት መልክ አለው። ሦስት ማዕዘኑ “ከፊት የእግረኛ ማቋረጫ አለ” ብሎ አስቀድሞ ይነግራችኋል። ሰማያዊው አራት ማዕዘን ማቋረጫው ያለበትን ቦታ ራሱን ያሳያል። የመጀመሪያውን ስታዩ መቀነስ ከጀመራችሁ ሁለተኛው ጋ ስትደርሱ ለእግረኛው ለመቆም አትቸገሩም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሌሎች ጥቂት ምልክቶችን ቶሎ ቶሎ እንለፍባቸው።

ከኋላው የተጠማዘዘ የጎማ ዱካ ያለው መኪና፦ መንገዱ ያንሸራትታል። በጣም የሚያንሸራትተው መቼ ይመስላችኋል? ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ። አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። መሪ በድንገት አትጠምዝዙ፤ ፍሬንም በኃይል አትርገጡ።

አጥር የመሰለ ሥዕል፦ ብዙ አዲስ አሽከርካሪ “የምን አጥር ነው?” ይላል። መዝጊያ ያለው የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ነው። ባቡሩ ራሱ ከተሣለ ግን መዝጊያ የለውም፤ የሚያቆማችሁ የለም፤ ቆማችሁ ግራ ቀኝ የምታዩት እናንተ ናችሁ። መስኮት ዝቅ አድርጉ፤ ሬዲዮም ቀንሱ፤ የእኛንም ቢሆን! ባቡር እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም፤ ዞርም አይልላችሁም።

ቃለ አጋኖ ብቻ ያለበት፦ ለየት ያለ አደጋ አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ማብራሪያ ይኖራል፤ አንብቡት።

ከሥር ስለሚለጠፉት ትንንሽ ሰሌዳዎች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። “200 ሜትር” ብቻ ካለ አደጋው የሚጀምረው ከ200 ሜትር በኋላ ነው። ቁጥሩ በሁለት ቀስቶች መካከል ከተጻፈ ግን አደጋው የሚዘልቀው ያን ያህል ርቀት ነው። የመጀመሪያው “የት ይጀምራል?” ለሚለው፣ ሁለተኛው “እስከ የት ይሄዳል?” ለሚለው መልስ ነው። አንድ ኩርባ አልፎ “በቃ፣ አለፈ” ብሎ ነዳጅ የሚሰጥ ሰው ይህን ሰሌዳ ያላነበበ ነው።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ “እሺ፣ ምልክት በሌለበትስ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምልክት በመኪና ይገጫል፤ ብረቱ ይሰረቃል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ይጋርደዋል። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ምልክቱ ባይኖርም ይሠራሉ፤ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ ይናገራል።

ከሩቅ የምታዩት የባሕር ዛፍ ረድፍ ወይም የመብራት ምሰሶ በድንገት ወደ አንድ ወገን ከዞረ መንገዱም ሊዞር ነው። ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አህያውን ጭኖ እየሄደ ከሆነ የገበያ ቀን ነው፤ ከፊት ያለው ከተማ ተጨናንቋል። አስፋልት መሀል ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ወይም በመስመር የተደረደረ ድንጋይ ካያችሁስ? የሀገራችን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ከወዲያ የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው።

ይህ የሹፌሮች ልማድ ሰው አድኗል፤ ጥፋትም አለበት። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ በማታ ለሚመጣው ሌላ አደጋ ይሆናል። እናንተ የአዲሱ ትውልድ ሹፌሮች በመኪናችሁ የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ያዙ። መኪናችሁ ሲበላሽ ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ኩርባ ላይ ከሆናችሁ ከኩርባው ቀደም ብሎ አስቀምጡት፤ ኩርባውን ከዞረ በኋላ ለሚያየው ሰው ጊዜ አይኖረውም። ስትነሡ ሰብስቡት። ድንጋይ ተጠቅማችሁ ከሆነም አንሡት።

(የማጠቃለያ ሙዚቃ በስሱ)

አቅራቢ፦ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ጮክ ብላችሁ መልሱ።

አንደኛ፦ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ነው?

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ)

አይደለም፤ “ቅድሚያ ስጥ” ነው።

ሁለተኛ፦ በረጅም ቁልቁለት ማርሽ የሚቀየረው መቼ ነው?

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ)

ቁልቁለቱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት። “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ይሉ የለ?

ሦስተኛ፦ ሦስት ማዕዘን ስናይ ለራሳችን የምናነሣቸው ሦስት ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ)

ምን አለ? የት ነው? ምን ላድርግ? ጎበዞች!

ለሳምንቱ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በየቀኑ የምትሄዱበትን አንድ መንገድ ምረጡ። ሦስት ማዕዘን በታየ ቁጥር፣ የምትነዱ ከሆነ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሦስተኛውን ጥያቄ በቃል ይመልስ፤ ካልሆነም እናንተው ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ መልሱ። “ኩርባ ነው” ብሎ ማቆም አይፈቀድም። “ኩርባ ነው፤ ማርሽ እቀንሳለሁ፤ አልቀድምም” ማለት ነው። ስሙን አውቃችሁ መልሱ ያልመጣላችሁን ምልክት ጻፉና ላኩልን፤ አብረን እንመልሰዋለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አስፋልት ላይ ቀለሞች፣ ስለ ተቆራረጠውና ስላልተቆራረጠው መስመር እንነጋገራለን። እስከዚያው በሰላም ንዱ፤ በሰላም ግቡ። ጤና ይስጥልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)